«ጥሩምባ ጩኸት ብቻ ነው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ፦ የአየር ጥሩምባ በረጅም መንገድ ሞተር ላይ

ሰሞኑን «ጥሩምባ ጩኸት ብቻ ነው» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። የሚያወራው ስለ ረጅም መንገድ ሞተሮች ነው፣ ከነሻንጣቸው ከነንፋስ መከላከያቸው ከከተማ ከተማ ስለሚነዱት። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይሄ ነው፦ ፋብሪካው የገጠመው ክላክስ በቂ ነው፣ አደጋ የሚያስቀረው ፍሬን እንጂ ጥሩምባ አይደለም፣ የአየር ጥሩምባ (በተጨመቀ አየር የሚጮኸው ትልቁ ክላክስ) ባትሪ ይጨርሳል፣ ጮክ ያለ ማርሚታ ያለው ሰው ደሞ ጭራሽ አያስፈልገውም፣ እግረኛ ያስደነግጣል፣ ውሃ ሲገባበትም ቶሎ ይበላሻል። እዚህ ድረስ ሀሳብ ነው፣ ሰው በሀሳብ ይለያያል፣ አንብቤ ባለፍኩት ነበር። ግን መጨረሻው ላይ «የግድ ካላችሁ» ብለው የሰጡት የአገጣጠም ምክር አለ፣ እሱን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ምክንያቱም አንድ ሰው አምኗቸው እንዳሉት ቢሰራው ሞተሩ ሊቃጠልበት ይችላል። ስለዚህ ከመጨረሻው ልጀምርና ወደሌላው እመለሳለሁ።

ምክሩ እንዲህ ነው፦ የድሮውን ክላክስ ፍቱ፣ ሁለቱን ገመዶች ነቅላችሁ አዲሱ ላይ ሰኩ፣ ፊውዝ ካቃጠለ ከፍ ባለ ፊውዝ ቀይሩት፣ አለቀ።

ይሄ ትክክል አይደለም። የፋብሪካው ክላክስ በኤሌክትሮማግኔት ስስ ሳህን እያርገበገበ ነው የሚጮኸው፣ አንዱ ቢበዛ ከ3 እስከ 5 አምፒር (የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያ) ቢወስድ ነው። የአየር ጥሩምባ ግን ውስጡ አየር የሚጨምቅ ኮምፕረሰር አለ፣ ኮምፕረሰሩን የሚያዞር የራሱ የኤሌክትሪክ ሞተር አለው፣ ትንንሾቹ በአንድ አካል የተሰሩት እንኳን ወደ 20 አምፒር ይጎትታሉ፣ መጀመሪያ ሲነሱ ደሞ ለቅጽበት ከዛም ያልፋል። አሁን ቀጭኗን የፋብሪካ ሽቦ አስቡ። በሽቦ ውስጥ ያለው ሙቀት የሚጨምረው በአምፒሩ ልክ ሳይሆን አምፒሩ በራሱ ተባዝቶ ነው፣ ማለትም 4 አምፒር ይሄድባት በነበረች ሽቦ 20 አምፒር ስትለቁባት ኤሌክትሪኩ 5 እጥፍ ቢሆንም ሙቀቱ 25 እጥፍ ነው። ፊውዝ ደሞ የተቀመጠው ክላክሱን ለመጠበቅ አይደለም፣ ሽቦውን ለመጠበቅ ነው። ፊውዙን አሳድጉ ማለት ሽቦው ከፊውዙ ቀድሞ ይቅለጥ ማለት ነው፣ ሽቦው ደሞ በብዙ ሞተር ላይ የሚያልፈው ነዳጅ ታንኩ ስር ከሌሎች ገመዶች ጋር ተጠቅልሎ ነው። አንዱ ልባሱ ሲቀልጥ ከጎኑ ያለውን ይነካል፣ ከዛ በኋላ ምን ከምን ጋር ኮንታክት እንደፈጠረ ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ መከራ ነው፣ እሳት ካልተነሳ ማለቴ ነው።

እሺ ፊውዙን አላሳደጋችሁም እንበል። በብዙ ሞተሮች የክላክሱ ፊውዝ ለብቻው አይደለም፣ ከፍሬን መብራት ወይ ከፍሬቻ ጋር ይጋራል። እና መኪና መንገድ ዘግቶባችሁ ፍሬን ይዛችሁ ጥሩምባውን ስትነፉ ፊውዙ ቢሄድ የፍሬን መብራታችሁ ወይ ፍሬቻችሁ በዛችው ሰከንድ ይጠፋል፣ ከኋላ የሚመጣው ሰው መቆማችሁን የሚያውቅበት ምልክት የለውም። ጸሐፊው ይሄን አስበውት ቢሆን ኖሮ የሚጽፉት አይመስለኝም። ሌላም አለ፣ መሪው ላይ ያለችው ትንሿ ቁልፍ በብዙ ሞተር ላይ የክላክሱን ሙሉ ኤሌክትሪክ በራሷ ነው የምታሳልፈው፣ ውስጧ ያለው መገናኛ ብረት ለ20 አምፒር አልተሰራም፣ እየተቃጠለ ይሄድና አንድ ቀን ወይ አይሰራም ወይ ተጣብቆ መጮሁን አያቆምም።

ይሄ ሁሉ ባይሆን እንኳን ጥሩምባው በደንብ አይጮህም። 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ በሜትር ወደ 23 ሚሊ ኦም ተቃውሞ አለው፣ ከፊውዝ ሳጥን ወደ መሪ ከዛ ወደ ክላክስ ሄዶ ለመመለስ 3 ሜትር ቢሆን በ20 አምፒር ወደ 1.4 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ኮምፕረሰሩ በዛ ልክ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ የአየር ግፊቱ ይቀንሳል፣ ድምፁም የታፈነ ይሆናል። ብዙ ሰው «ገዛሁት ግን ያን ያህል አይደለም» የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው ብዬ አምናለሁ።

ትክክለኛው አገጣጠም በሪሌይ ነው። ሪሌይ ማለት በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ትልቅ ማብሪያ ነው፣ እግሮቹ ላይ ቁጥር ተጽፎባቸዋል። 30 የተባለው ከባትሪው ፖዘቲቭ በቀጥታ ይመጣለታል፣ መሀል ላይ ፊውዝ ይገባል፣ ፊውዙም በተቻለ መጠን ለባትሪው ቅርብ መሆን አለበት ምክንያቱም ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም። የፊውዙን ልክ ጥሩምባውን የሰራው ድርጅት ነው የሚወስነው፣ ብዙ ጊዜ 20 ወይ 25 ወይ 30 አምፒር ነው። 87 ወደ ጥሩምባው ፖዘቲቭ ይሄዳል። የጥሩምባው ኔጌቲቭ ቀለም የተቀባ ሻንሲ ላይ ባለ ቡሎን ሳይሆን በቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ይመለስ። ሽቦው ከ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር አይነስ፣ ባትሪው ሩቅ ከሆነ 4 አድርጉት። የድሮው ክላክስ ላይ የነበሩት ሁለቱ ገመዶች ደሞ ወደ 85 እና 86 ይሄዳሉ። ሁለቱንም ነው ያልኩት፣ ይሄን ብዙ ሰው ይሳሳትበታል፣ አንዱን ብቻ ወስዶ ሌላውን ሻንሲ ላይ ያስራል። አንዳንድ ሞተር ቁልፉ ፖዘቲቩን ነው የሚያገናኘው አንዳንዱ ኔጌቲቩን፣ ሁለቱንም የፋብሪካ ገመድ ከወሰዳችሁ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ሳያስፈልግ ይሰራል። ሪሌዩ ውስጡ ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ካለው ብቻ ፖዘቲቩ 86 ላይ መሆኑን በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) አረጋግጡ።

እንዲህ ሲሆን በቁልፏ በኩል የሚያልፈው በ85 እና በ86 መሀል ያለው የሪሌዩ ጥቅል ሽቦ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው፣ ወደ 0.2 አምፒር፣ ማለትም ከድሮው ክላክስም በጣም ያነሰ። የፋብሪካው ሽቦ ላይ ያለው ጫና ቀነሰ እንጂ አልጨመረም። ካን ባስ (የሞተሩ ክፍሎች በኮምፒውተር የሚነጋገሩበት መስመር) ያላቸው አዳዲስ ሞተሮች ላይም መፍትሄው ይሄው ነው፣ እነሱ ላይ ክላክሱን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ስለሆነ 20 አምፒር ከጠየቃችሁት መስመሩን ይዘጋዋል፣ 0.2 ግን ችግር የለውም። ኮምፒውተሩ «ክላክስ የለም» ብሎ የጥፋት ምልክት ካሳየ የድሮውን ክላክስ ሳትፈቱ ከሪሌዩ ጎን እዛው ገመድ ላይ ተዉት፣ ሁለቱ አብረው ይጮሃሉ።

አሁን ወደ ሌሎቹ ነጥቦች።

«አደጋ የሚያስቀረው ፍሬን ነው» ላሉት፣ ማን ተቃወመ? ግን ጽሑፉ ሰው አንዱን መምረጥ ያለበት አስመስሎ ነው ያቀረበው። ሞተር ላይ ፍሬን በቀኝ እጅና በቀኝ እግር ነው፣ ፍሪሲዮን በግራ ጣቶች ነው፣ ጥሩምባ በግራ አውራ ጣት ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይወስድም፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይሰራሉ፣ የሚያስፈልገው አውራ ጣቷ ቁልፉን ሳትፈልግ እንድታገኘው መልመድ ነው። (አንዳንድ ሆንዳዎች ላይ ክላክሱ ከፍሬቻው በላይ ነው የተቀመጠው፣ ከሌላ ሞተር የመጣ ሰው ቁልፉን ሲፈልግ ፍሬቻ ያበራል፣ ቆም ብሎ መለማመድ ግድ ነው።)

በዚህ ነጥብ ላይ ጸሐፊው እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውን የአሜሪካዊውን ተመራማሪ የሃሪ ሃርትን የሞተር አደጋ ጥናት ጠቅሰዋል፣ ሞተረኛው አደጋውን ለማምለጥ ያለው ጊዜ ከ2 ሰከንድ በታች ነው ይላል፣ እና «በ2 ሰከንድ ጥሩምባ ምን ይሰራል» ብለው ይጠይቃሉ። ጥናቱ ይሄን ማለቱ እውነት ነው። ግን ያው ጥናት በዋናነት የሚታወቀው በሌላ ግኝቱ ነው፣ ከሌላ መኪና ጋር በተፈጠሩት ግጭቶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሞተረኛውን ቅድሚያ የነፈገው የመኪናው ሹፌር ነው፣ ምክንያቱም ሹፌሩ ሞተሩን አላየውም ወይ ያየው ሲዘገይ ነው። ካላየህ ሰው ጋር የቀረው መንገድ ጆሮው ነው። በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ 25 ሜትር ትሄዳላችሁ፣ ሹፌሩ ሰምቶ እስኪያስብ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢወስድበት ወደ 37 ሜትር አለፈ፣ ስለዚህ በመጨረሻዋ ሰከንድ መስቀለኛ ላይ ፊታችሁ የተገተረን መኪና ጥሩምባ አያነሳውም፣ እዛ ፍሬን ነው፣ በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ጥሩምባ የሚጠቅመው ነገሩ ገና ቀስ እያለ ሲመጣ ነው። ከጎናችሁ ያለ ሹፌር መስታወቱን ሳያይ ወደ መስመራችሁ ሲንሸራተት፣ የቆመ መኪና ወደኋላ መውጣት ሲጀምር፣ ተራራ ላይ ማዶው የማይታይ ጠባብ ኩርባ ስትደርሱ፣ ከባድ መኪና ስታልፉ እሱም ቀዳሚውን ሊያልፍ መሪውን ሲያዞር። ረጅም መንገድ የነዳ ሰው እነዚህን ሁሉ ያውቃቸዋል፣ በነዚህ ላይ ሁለትና ሦስት ሰከንድ አለ፣ ያ ሰዓት የሚጠቅመው ግን ሹፌሩ ከሰማ ብቻ ነው።

ይሰማል ወይ? ይሄ ነው ትልቁ ጥያቄ፣ ጸሐፊው ደሞ «ደንብ ያጸደቀው ክላክስ ስለሆነ በቂ ነው» ብለው ነው ያለፉት። እስቲ ደንቡን እንየው። ብዙ አገር የሚከተለው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 28 ኃይሉ ከ7 ኪሎ ዋት በላይ የሆነ ሞተር ላይ የተገጠመ ክላክስ ከፊት በ7 ሜትር ሲለካ ከ93 እስከ 112 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) እንዲሆን ነው የሚጠይቀው። ዝቅተኛውን 93 ውሰዱ። መስኮቱ የተዘጋ መኪና ከውጭ የሚመጣውን ድምፅ ከ20 እስከ 30 ዴሲቤል ይቀንሰዋል፣ 25 ብንል ሹፌሩ ጆሮ የሚደርሰው 68 ነው፣ በአውራ ጎዳና ፍጥነት የመኪናው ውስጥ ራሱ የጎማና የንፋስ ጩኸት ከ65 እስከ 70 ዴሲቤል ነው። ይሄ በ7 ሜትር ነው፣ ሙዚቃ ሳይከፈት። ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ደሞ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፣ በ14 ሜትር 62፣ በ28 ሜትር 56። ማለትም ደንቡን ያለፈ ክላክስ ይዛችሁ እየነፋችሁ ሹፌሩ ምንም ላይሰማ ይችላል፣ ሆን ብሎ ችላ ያላችሁ ይመስላችኋል፣ እሱ ግን በእውነት አልሰማም። «ደንብ አጽድቆታል» ማለት ከወለሉ በላይ ነው ማለት ብቻ ነው፣ በዛው ደንብ ውስጥ ከ93 እስከ 112 ድረስ ሰፊ ቦታ አለ፣ እኔም የምከራከረው ለዛ ቦታ ነው።

እዚህ ላይ ሻጮቹንም ማረም አለብኝ፣ ጸሐፊው «139 ዴሲቤል ጆሮ ያደነቁራል» ያሉት ከካርቶኑ ላይ ወስደው ስለሆነ። ስቴብል ናውቲለስ የሚባለው የጣሊያን የአየር ጥሩምባ 139 ተብሎ ነው የሚሸጠው፣ ሌሎች 120 ምናምን የሚባሉ አሉ። ዴሲቤል ከየት ርቀት እንደተለካ ካልተነገረ ቁጥሩ ምንም አይነግራችሁም። በ10 ሳንቲ ሜትር 139 የሆነ ነገር በ1 ሜትር ወደ 119 ይወርዳል፣ በ7 ሜትር ወደ 102። ስለዚህ 139 የተባለውና 120 የተባለው ጎን ለጎን ሲቀመጡ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። 102 ደሞ ከደንቡ ጣሪያ በታች ነው፣ ከ93ቱ ግን በ9 ይበልጣል፣ 10 ዴሲቤል ሲጨምር ጆሮ በእጥፍ እንደጮኸ ነው የሚሰማው፣ እና ልዩነቱ ወደ እጥፍ የተጠጋ ነው። ተአምር አይደለም፣ ግን በመኪናው ውስጥ ጩኸት ስር በመቅረትና ከሱ በላይ በመውጣት መካከል ያለው ልዩነት እሱ ነው። በዛ ላይ ድምፁ ሁለት ቃና አለው፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን፣ ሹፌሩ ሲሰማው ትልቅ መኪና መጣ ብሎ ነው ቀና የሚለው።

ስለ ባትሪው ብዙ አልልም። 20 አምፒር ለ3 ሰከንድ ማለት ወደ 0.017 አምፒር ሰዓት ነው፣ የረጅም መንገድ ሞተር ባትሪ ከ12 እስከ 20 አምፒር ሰዓት ይይዛል። ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያስነሳ ከ100 አምፒር በላይ ነው የሚወስደው፣ በየጠዋቱ። የሚሞቅ ልብስና ተጨማሪ ፓውዛ ለሰዓታት የሚጎትቱትን ትቶ በሰከንድ የሚቆጠረውን ጥሩምባ መክሰስ አያስኬድም። ዲናሞው እየሰራ ደሞ ወዲያው ይመልሰዋል።

«ጮክ ያለ ማርሚታ ይበቃል» ለሚለውም መልሱ አጭር ነው፣ የማርሚታ አፍ ወደኋላ ነው፣ አደጋው ያለው ከፊት ነው። እናንተን ያላየው ሹፌር ማርሚታችሁን በደንብ የሚሰማው ካለፋችሁት በኋላ ነው። በዛ ላይ ማርሚታ ቀን ሙሉ ይጮሃል፣ የተኛ ሕፃን አለ አይልም፣ ነጂውንም ያደክማል። ጥሩምባ ካልነፉት ዝም ይላል።

ጸሐፊው ካነሱት ሁሉ ክብደት የምሰጠው እግረኛን ያስደነግጣል ያሉትን ነው። እውነት ነው። አጠገቡ ያለ ሰው ላይ፣ ብስክሌተኛ ላይ፣ መንገድ ዳር ያለ እንስሳ ላይ የአየር ጥሩምባ መንፋት ነውር ነው፣ ደንግጦ ወዳልታሰበ አቅጣጫ ሊዘል ይችላል። ለዚህ ነው የድሮው ክላክስ አይጣል የምለው። በጣም የምወደው አሰራር ሁለቱን መለየት ነው፣ የፋብሪካው ቁልፍ እንደነበረ ለፋብሪካው ክላክስ ይቅር፣ ለአየር ጥሩምባው ሌላ ትንሽ ውሃ የማያስገባ ቁልፍ እዛው አውራ ጣት ስር ይጨመር፣ እሷም የሪሌዩን ጥቅል ብቻ ነው የምታዘው። ሰላምታና «እዚህ ነኝ» ለማለት ትንሹ፣ አውራ ጎዳና ላይ ለተዘጋ መኪና ትልቁ። ትንሹ ሌላም ጥቅም አለው፣ ኮምፕረሰር አየር እስኪሞላ ትንሽ ቅጽበት ይወስዳል፣ ቁልፉን ነካ አድርጎ ለመልቀቅ የአየር ጥሩምባ አይመችም። የአገራችሁ ሕግ የሚፈቅደውን ማየት የእናንተ ግዴታ ነው፣ ዜማ የሚያወጣ ወይ ቃናው የሚቀያየር ጥሩምባ ደሞ በብዙ ቦታ የተከለከለ ወይ ለድንገተኛ አደጋ መኪኖች የተተወ ስለሆነ እሱን እርሱት።

ውሃው ላይ ደርሰናል፣ እዚህ ጸሐፊው በከፊል ልክ ናቸው። ብዙ የአየር ጥሩምባ በውሃ ይሞታል፣ ግን የሚሞተው የተሳሳተ ቦታ ስለሚገጠም ነው። ሰው የድሮው ክላክስ የነበረበት ቦታ፣ ከፊት ጎማው ኋላ፣ እዛችው መያዣ ብረት ላይ ይሰቅለዋል። ያቺ ብረት የተሰራችው ለቀላል ክላክስ ነው፣ የአየር ጥሩምባው ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ በንዝረት ትሰነጠቃለች፣ ስትሰበር ደሞ የሚወድቀው ጎማው ላይ ሊሆን ይችላል። ጎማው የሚረጨው ጭቃና ውሃም ቀጥታ ወደ አየር መሳቢያው ይገባል። ስለዚህ ወፍራም መያዣ አሰሩ፣ ጥሩምባውን ፋብሪካው ባዘዘው አቅጣጫ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ የገባ ውሃ ወደታች የሚፈስበት ቀዳዳ ወይ አፍ ይኑረው፣ የፊት ፓራፋንጎው ከሚረጨው መስመር ውጭ ይሁን። ራዲያተሩ ፊት አትገትሩት፣ አየር ይከለክለዋል። ማርሚታ አጠገብም አይሁን። ፌሪንግ (የሞተሩ የፕላስቲክ ሽፋን) ውስጥ መደበቅም ውሃውን ይከላከላል ግን ድምፁን፣ በተለይ ቀጭኑን ቃና፣ ይውጠዋል፣ ቢያንስ አፉ ፊት ለፊት ክፍት ቦታ ይይ። ሪሌዩን ኮርቻ ስር ወይ ባትሪው አጠገብ እግሮቹ ወደታች ሆነው እሰሩት።

ሲያልቅ ከመንዳታችሁ በፊት መሪውን እስከመጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙሩ፣ ገመድ እንዳይወጠር። የፊት ሰስፔንሽኑን ጫን አድርጋችሁ ፓራፋንጎው ጥሩምባውን እንደማይነካ እዩ። መጀመሪያ ስትነፉት ጋራዥ ውስጥ አይሁን፣ ጆሯችሁን ሸፍኑ፣ ረዳታችሁም ፊት ለፊቱ አይቁም፣ በቅርብ 115 ዴሲቤል ለጆሮ የሚፈቀደው በቀን ግማሽ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ለሁለት ሦስት ሰከንድ ንፉና ወዲያው ሽቦውንና የፊውዙን ቤት በእጅ ዳስሱ፣ ከሞቀ ወይ ሽቦው ቀጥኗል ወይ አንዱ ቴርሚናል በደንብ አልተጨመቀም፣ በናስትሮ ጠቅልላችሁ አትለፉት፣ ፍቱና እንደገና ስሩት። ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በኋላ ደሞ ቡሎኖቹን በመፍቻ ፈትሹ፣ ንዝረት ያላላቸው ከሆነ ሎክ ያለው ዳዶ ቀይሩባቸው።